ከተኩሱ ማግሥት፦ የደነገጠ ልጅንና ቤተሰቡን ደረጃ በደረጃ መደገፍ

በደብረ ታቦር ነሐሴ 13፣ ቡሄ፣ የልጆች ቀን ነው። ጅራፍ ይጮኻል፣ ሙልሙል ይጋገራል፣ ችቦ ይበራል፤ ከተማዋ ከበዓሉ ጋር ስም ስለምትጋራም ድምቀቱ ይለያል። በ2013 ዓ.ም. ግን ቡሄ የዋለው በፌዴራል መንግሥትና በትግራይ ኃይሎች መካከል የነበረው ጦርነት ጉና ተራራ አካባቢ በደረሰበት፣ ከባድ መሣሪያ ከተማዋ ውስጥ በወደቀበት ወር ነበር። በዚያው ሰሞን፣ ከነሐሴ 6 እስከ 15፣ የላይ ጋይንቷ ነፋስ መውጫ በትግራይ ኃይሎች እጅ ቆየች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ደግሞ፣ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ፣ በመንግሥት ኃይሎችና በፋኖ መካከል የተቀሰቀሰው ውጊያ ወደ ደቡብ ጎንደር ተመለሰ። በመጀመሪያው ጊዜ አምስት ዓመቱ የነበረ የፋርታ ወይም የጋይንት ልጅ ፊደል ቆጥሮ ሳይጨርስ ሁለተኛውን ተኩስ ሰማ።

እንዲህ ያለው ልጅ ጉዳቱ በዓይን አይታይም። ሌሊት ይባንናል፣ ይቃዣል፤ ቀን ከእናቱ ቀሚስ አይለይም ወይም በትንሽ በትልቁ ይደባደባል። ቤተሰቡም ብዙ ጊዜ “ልጅ ነው፣ ሲያድግ ይረሳዋል” ብሎ ያልፈዋል፤ አለዚያም “ዓመል አወጣ” ብሎ ይቆጣዋል።

ተስፋ የሚሰጠው ነገር ብዙ ልጆች ማገገማቸው ነው። የሚያገግሙት ግን የሚደገፉበት ሰው ሲያገኙ ነው። በሐዋይ በካዋይ ደሴት በ1955 እ.ኤ.አ. የተወለዱ 698 ልጆችን ኤሚ ወርነርና ባልደረቦቿ እስከ ጉልምስና ድረስ ተከታትለዋቸው ነበር። ከባድ ችግር ውስጥ ካደጉት መካከል ሲሶ ያህሉ ብቁና አሳቢ ሰው ሆነው ወጡ። ከሚያመሳስሏቸው ነገሮች አንዱ የማይለዋወጥ፣ የሚያምኑት አንድ ትልቅ ሰው በአጠገባቸው መኖሩ ነበር። ያ ሰው የግድ እናት ወይም አባት አልነበረም፤ አያት፣ አክስት፣ መምህርም ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በጉና ዙሪያ ለዚያ “አንድ ሰው” ነው፤ ለእናት፣ ለአያት፣ ለመምህር፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለንስሐ አባትና ለእድር ዳኛ። ደረጃዎቹ በቅደም ተከተል ቢቀመጡም እንደ ቤቱ ሁኔታ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

1. ምልክቱን እንደ ዕድሜው ይለዩ

ከአምስት ዓመት በታች ያለ ልጅ የደረሰበትን በቃል መናገር አይችልም፤ ሰውነቱና ጠባዩ ይናገሩለታል። ሽንቱን መቆጣጠር ጀምሮ የነበረው እንደገና ይሸናል፣ መናገር የጀመረው ዝም ይላል፣ ጡት የተወው ጡት ይፈልጋል፣ እናቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ይጮኻል።

ከስድስት እስከ አሥራ አንድ ዓመት ያለው “ሆዴን አመመኝ፣ ራሴን አመመኝ” ያበዛል። በጨዋታው ደጋግሞ ተኩስና ቀብር ይጫወታል፤ ትምህርቱ ይወርዳል። ብዙዎቹ ደግሞ ለማንም ሳይናገሩ ጥፋቱን በራሳቸው ላይ ያደርጋሉ። “ባላስቆጣው ኖሮ አባየ አይሄድም ነበር” የሚል ሐሳብ በስምንት ዓመት ልጅ ልብ ውስጥ ለወራት ሊቀመጥ ይችላል።

አሥራዎቹ ውስጥ የገቡት ይቆጣሉ ወይም ከሰው ይርቃሉ። አንዳንዱ ጠላና አረቄ ይለምዳል፤ አንዳንዱ “ምን አለኝ፣ ልሙት” ማለት ይጀምራል። ሴቶቹ ደግሞ የቤቱን ሥራና የታናናሾቻቸውን ሸክም ተሸክመው ዝም ስለሚሉ ደኅና ይመስላሉ።

ከአስደንጋጩ ነገር በኋላ ባሉት ሳምንታት እነዚህ ምልክቶች መታየታቸው በሽታ አይደለም። መከታተል ያለብዎት ምልክቱ ከአንድ ወር በላይ መቆየቱን፣ እየባሰ መሄዱን፣ ልጁን ከመብላት፣ ከመተኛት፣ ከመጫወትና ከመማር ማገዱን ነው።

2. ልጁን ከሚያውቀው ሰው አይለዩት

በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አና ፍሮይድና ዶሮቲ በርሊንግሃም ለንደን ውስጥ የጦርነት ጊዜ የሕፃናት ማቆያ ከፍተው ነበር። ከልጆቹ ጋር ውለው አድረው ያስተዋሉት ነገር ብዙዎችን አስገርሟል፤ ከእናቱ ጋር ሆኖ ቦምብ የሰማው ልጅ፣ ከቦምቡ ለማዳን ተብሎ ከእናቱ ከተለየው ልጅ ይልቅ ብዙ ጊዜ ተረጋግቶ ይገኝ ነበር።

በጉና ዙሪያም ተኩስ ሲበረታ ልጅን ባሕር ዳር ወይም አዲስ አበባ ካለ ዘመድ ዘንድ መላክ የተለመደ ነው። አንዳንዴ ሌላ አማራጭ የለም። ሲቻል ግን ልጁን ከእናቱ ወይም ካሳደገችው አያቱ ጋር አብረው ያሽሹት፤ ወንድምና እኅትንም አይነጣጥሉ። መላኩ ግድ ከሆነ እንዲህ ያድርጉ፦

• የት፣ ከማን ጋርና ለምን እንደሚሄድ አስቀድመው ይንገሩት። ተኝቶ ሳለ ወይም “ገበያ ነው የምንሄደው” ተብሎ ተታሎ የተወሰደ ልጅ ከዚያ በኋላ እንቅልፍንም ሰውንም ያለማመን ጠባይ ያዳብራል።
• የሚያውቀውን ነገር አብረው ይላኩለት፦ የእናቱን ነጠላ፣ ፎቶ፣ የሚወደውን ልብስ።
• ስልክ በሚሠራበት ጊዜ ሁሉ የሚደውሉበትን ቀንና ሰዓት ይቁረጡለት። ስልክ ሊቋረጥ እንደሚችልም ቀድመው ያስረዱት፤ ዝምታው “ሞተዋል” ማለት እንዳይመስለው።

ከቤተሰቡ የጠፋ ልጅ ካገኙ ስሙን፣ የወላጆቹን ስም፣ ቀበሌውን፣ የሚያስታውሰውን ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ይመዝግቡ። ከዚያም ለቀበሌው፣ ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ለቀይ መስቀል ያስታውቁ። “ላሳድገው” ብሎ ለመጣ ሁሉ አይስጡት።

3. የእናቲቱን ሸክም አስቀድመው ያቅልሉ

ልጅ የትልቅ ሰው ፊት ያነባል። እናቱ ሌሊቱን ሙሉ በር በሩን እያየች ካደረች እሱም አይተኛም። ስለዚህ ልጁን ልርዳ የሚል ጎረቤት መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት “ልጁ እንዴት ነው?” ብቻ ሳይሆን “አንቺስ ትተኛለሽ? ትበያለሽ?” ብሎም ነው።

አገሩ ለዚህ የቆየ ዘዴ አለው። ለቅሶ ሲሆን ሰፈሩ እህልና ጠላ ይዞ ይመጣል፣ ከሐዘንተኛው ጋር ያድራል። ችግሩ ከአርባው በኋላ ሰው መበተኑ ነው፤ ለልጁና ለእናቱ ከባዱ ጊዜ የሚጀምረው ደግሞ ያኔ ነው። እድሩ፣ ሰንበቴው ወይም የጽዋው ማኅበር በዚህ ክፍተት ገብቶ ቀላል ተራ ማውጣት ይችላል፦

• በሳምንት ሁለት ቀን ሁለት ሁለት ሰዓት ልጆቹን የሚይዝ ጎረቤት፤ እናቲቱ እንድትተኛ ወይም ጉዳይዋን እንድትፈጽም።
• ባል ለሞተባት ወይም ለጠፋባት ገብሱንና ድንቹን በደቦ የሚያነሣላት ቡድን።
• በየሳምንቱ አንድ ቀን ቡና አፍልቶ የሚጠራት ሰው፤ ስለ ደረሰባት እንድትናገር ሳይሆን ከሰው እንዳትርቅ።

እናቲቱ ራሷ አልጋ ላይ ከዋለች፣ ልጁን መመገብ ካቃታት ወይም መሞት እንደምትመኝ ከተናገረች፣ ወደ ሕክምና መጀመሪያ መሄድ ያለባት እሷ ናት። እሷን ማከም ልጁንም ማከም ነው።

4. የቀኑን ሥርዓት ይመልሱ

ጦርነት ከልጅ ላይ የሚወስደው አንዱ ትልቅ ነገር “ነገ ምን ይሆናል?” የሚለውን መልስ ነው። መልሱን የሚያገኘው በየቀኑ በሚደጋገሙ ትንንሽ ነገሮች ነው። በተጠለለበት ቤት ወይም ትምህርት ቤት ውስጥ እንኳ ሦስት ነገሮች ሰዓታቸውን ይጠብቁ፦ መብል፣ መኝታና ጨዋታ።

ሥራ ይስጡት፤ በልኩ ግን። ጠቦት መጠበቅ፣ ለዶሮ ጥሬ መበተን፣ ቡና ሲፈላ ፈንዲሻ ማዞር ለልጁ “እኔም እጠቅማለሁ” የሚል ስሜት ይመልሱለታል። የአባቱን ሸክም ሙሉ በሙሉ ማሸከም ግን ሌላ ጉዳት ነው። “ከእንግዲህ የቤቱ አባወራ አንተ ነህ” የሚለውን የለቅሶ ቤት ንግግር ለአሥር ዓመት ልጅ አይናገሩ፤ ልጁ ቃሉን እንዳለ ይወስደዋል።

ጨዋታን እንደ ቅንጦት አይዩት። ሰኞ ማክሰኞ፣ ቅልብልቦሽ፣ ገበጣና ድብብቆሽ ሕግና ተራ አላቸው፤ የልጁን ዓለም እንደገና በሥርዓት ያስይዛሉ። እንቆቅልሽና ተረት ደግሞ ሳይገደድ አፉን ያስፈቱታል። ልጁ ጨዋታው ሁሉ ተኩስና ቀብር ከሆነ አይከልክሉት፤ አብረውት ተቀምጠው “ከዚያስ ማን መጣ? ማን ረዳቸው?” እያሉ ጨዋታውን ወደ መዳን እንዲወስደው ያግዙት።

ሌሊቱን በተመለከተ አንድ ነገር ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል። የጉና ብርድ ከባድ ነው፤ ልጁ አጎዛው ላይ ሸንቶ ሲነሣ ቤቱ ሁሉ ይነቃል። በዚያ ሰዓት ዱላ ወይም “አታፍርም?” የሚል ቃል ከመጣ በሚቀጥለው ሌሊት ፍርሃቱ ይጨምራል፣ ሽንቱም ይብሳል። ሳይናገሩ ልብሱን ይለውጡለት፤ አጎዛውን ጠዋት ከጓሮ፣ ጎረቤት ልጆች በማያዩበት፣ ፀሐይ ላይ ያስጡት። ከመኝታ በፊት ውጭ ያውጡት፤ ለጥቂት ሳምንታት ከሚያምነው ሰው አጠገብ ያስተኙት። በሌሊት ቃዥቶ ሲጮኽ ስሙን በቀስታ ጠርተው “ቤትህ ነህ፣ እኔ አያትህ ነኝ፣ ሕልም ነው” ይበሉት። እንቅልፍ ላይ እያለ አያንገላቱት፤ ያየውንም በሌሊት አይጠይቁት።

5. ሞትን በእውነተኛ ቃል ይንገሩት

እዚህ ላይ የአገሩ ልማድና የልጁ ፍላጎት ይጋጫሉ። መርዶ ለትልቅ ሰው ሽማግሌ ተልኮ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማለዳ ይነገራል። ልጅ ግን ጎረቤት ቤት ይላካል፤ “አባትህ ሩቅ አገር ሄዷል” ይባላል። ሐሳቡ ርኅራኄ ነው። ነገር ግን ልጁ ጥቁር የለበሰችውን እናቱን ያያል፣ ሹክሹክታውን ይሰማል፣ ከዚያም ሁለት ሐዘን ያዝናል፤ አባቱን ያጣዋል፣ የሚያምናቸው ሰዎችም እንደዋሹት ያውቃል። “ሩቅ አገር ሄደ” የተባለውም ለምን ጥሎኝ ሄደ ብሎ ዓመታት ይጠይቃል።

መርዶውን ለልጁ የሚነግረው የሚቀርበው ሰው ይሁን፤ ቤቱ ሰው ሳይበዛበት፣ አጠገቡ ተቀምጦ፣ በአጭር ቃል። ለምሳሌ እንዲህ፦

“የኔ ልጅ፣ በጣም የሚያሳዝን ነገር ልነግርህ ነው። አባትህ ሞቷል። የሞተ ሰው አይርበውም፣ አይበርደውም፣ አያመውም፤ ተመልሶም አይመጣም። የሞተው በአንተ ጥፋት አይደለም። እኔና አያትህ ከአንተ ጋር ነን፤ የምትኖረውም እዚሁ ነው።”

“እግዚአብሔር ወሰደው” ወይም “አላህ ወሰደው” የሚለው የእምነት ቃል ለቤተሰቡ ትልቅ መጽናኛ ነው። ለትንሽ ልጅ ግን ብቻውን ሲነገረው “እኔንስ? እማየንስ?” የሚል ፍርሃት ሊያመጣበት ስለሚችል ግልጹን ቃል አስቀድመው የእምነቱን ቃል አስከትለው ይንገሩት። ከአምስት ዓመት በታች ያለው ነገ ተመልሶ “አባየ መቼ ይመጣል?” ይላል፤ ያንኑ መልስ ሳይሰለቹ ይመልሱለት።

ለቅሶው ላይ መገኘት ይፈልግ እንደሆነ ይጠይቁት። ደረት ሲመታ፣ ፊት ሲነጭ፣ ሙሾ ሲወርድ ምን እንደሚያይ ቀድመው ያስረዱት፤ ከሐዘንተኞቹ አንዱ ያልሆነ ትልቅ ሰው እጁን ይያዝለት፣ “በቃኝ” ሲል ይዞት ይውጣ። ካልፈለገ አያስገድዱት። በሰልስቱ፣ በአርባው፣ በሙት ዓመቱ ግን ሻማ ማብራት፣ ለነዳያን ቁራሽ ማቀበል የመሰለ የራሱ ድርሻ ይኑረው።

አባቱ ጠፍቶ ሞቱም ሕይወቱም ካልታወቀ የሚያውቁትን ብቻ ይንገሩት፦ “የት እንዳለ አናውቅም፤ እየጠየቅን ነው፤ ያወቅን ቀን ላንተም እንነግርሃለን።”

ስለ ወንዶቹ ልጆች አንድ ነገር መነሣት አለበት። በደጋው “የአባትህን ደም” የሚለው ንግግር ገና ጢሙ ላልበቀለ ልጅ በለቅሶ ላይ ይነገራል፤ በሙሾም ይወርዳል። ይህ ቃል የልጁን ሐዘን ወደ ዕዳ ይለውጠዋል፤ እንዳያለቅስም እንዳይማርም ያደርገዋል። ሽማግሌዎችና ቀሳውስት በለቅሶው ላይ ተነሥተው “ይህ ልጅ ዕዳ የለበትም” ብለው በይፋ ቢናገሩ፣ ከማንም ምክር በላይ ሸክሙን ያወርዱለታል።

6. ያድምጡት፤ አይመርምሩት

ቀድሞ በዓለም ላይ ከአደጋ የተረፈን ሰው በቀናት ውስጥ ሰብስቦ ያየውን ሁሉ ማስወራት ይጠቅማል ተብሎ ይሠራበት ነበር። ጥናቶች ሲመረምሩት እንዳልጠቀመ፣ አንዳንዱን እንዲያውም እንደጎዳ ታየ። የዓለም ጤና ድርጅትም አይመክረውም። በምትኩ በ2011 እ.ኤ.አ. ከአጋሮቹ ጋር ባወጣው የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ መመሪያ ሦስት ነገር አስቀመጠ፦ ማየት፣ መስማት፣ ከሚረዳው ጋር ማገናኘት።

በቤት ቋንቋ ይህ ማለት፦ ልጁ መናገር ሲፈልግ ሥራዎን አቁመው ይስሙት፤ ዝም ሲል ዝምታውን ያክብሩለት። ብዙ ልጆች የሚናገሩት ፊት ለፊት ሲጠየቁ ሳይሆን ጎን ለጎን ሲሠሩ ነው፤ ምስር ሲለቀም፣ በግ ሲጠበቅ፣ ወደ ወንዝ ሲወረድ።

ሲናገር “አይዞህ፣ ወንድ ልጅ አያለቅስም” አይበሉት። “እንዴት አልሮጥክም?” ብለውም አይጠይቁት። “እርሳው” ማለትም አይረዳውም፤ ቢችል ረስቶት ነበር። “በጣም ፈርተህ ነበር፤ ማንም ቢሆን ይፈራል፤ ስለ ነገርከኝ ጥሩ አደረግህ” ቢሉት ይበቃል። የማይጠብቁትን ቃል አይግቡለት። “ከእንግዲህ ተኩስ አይኖርም” ማለት አይችሉም፤ “ተኩስ ከመጣ ምን እንደምናደርግ አብረን እናውቃለን” ማለት ግን ይችላሉ። ከዚያም የት እንደሚደበቅ፣ ከማን ጋር እንደሚሄድ፣ ከተለያየ የት እንደሚጠብቅ አብረው ይወስኑ።

ልጁ የነገረዎትን ቡና ላይ አያውሩት። አንድ ጊዜ ምሥጢሩ ሲበተን የሰማ ልጅ ሁለተኛ አይናገርም።

7. ፍርሃቱ ድንገት ሲነሣበት

የክረምት ነጎድጓድ፣ የጭነት መኪና ጎማ ፍንዳታ፣ በር ሲዘጋ የሚሰማ ጩኸት፣ የዩኒፎርም ቀለም፣ የሚቃጠል ነገር ሽታ፤ እነዚህ ሁሉ ልጁን በአንዲት ቅጽበት ወደዚያ ቀን ሊመልሱት ይችላሉ። በደብረ ታቦር ደግሞ ጅራፍ አለ። በደንብ የተገመደ ጅራፍ ሲጮኽ ከሩቅ ላለ ሰው ከጥይት አይለይም፤ ቡሄ ሲቃረብ ለቀናት ከየሰፈሩ ይሰማል።

ልጁ ሲደነግጥ በዝቅተኛና በተረጋጋ ድምፅ ይናገሩት። እግሩን መሬት ላይ እንዲያደርግ ይንገሩት። ከዚያ የሚያያቸውን አምስት ነገሮች፣ የሚዳስሳቸውን አራት፣ የሚሰማቸውን ሦስት ድምፆች እንዲቆጥርልዎ ይጠይቁት። ቀጥሎ ትኩስ ሻይ እንደሚያበርድ ሰው በቀስታና በረጅሙ ትንፋሹን እንዲያስወጣ አብረው ያድርጉት፤ ሰውነትን የሚያረጋጋው ረጅሙ የማስወጣት ትንፋሽ ነው። ይህን በደኅናው ሰዓት ደጋግመው ያለማምዱት፤ በድንጋጤ ሰዓት አዲስ ነገር መማር አይቻልም።

ለጅራፉ መፍትሔው በዓሉን መከልከል አይደለም፣ ልጁን ጅራፉ መካከል መጣልም አይደለም። ከበዓሉ አንድ ወር ገደማ አስቀድሞ ታላቅ ወንድሙ ወይም አጎቱ አጠገቡ ተቀምጦ ጅራፉን ይግመድ፤ ልጁ ልጡን ይያዝለት። ከዚያ ሜዳ ላይ፣ ልጁ በመረጠው ርቀት፣ “አሁን ላጩኸው?” ተብሎ እየተጠየቀ አንዴ ይጩህ። ሲለምደው ይጠጋል፤ ሲፈልግ ራሱ ይይዘዋል። ያ ድምፅ መቼ እንደሚመጣ የሚወስነው እሱ ሲሆን ፍርሃቱ እየቀለለ ይሄዳል። በዚያ ዓመት ካልሆነለት በሚቀጥለው ይሞክራል፤ ጓደኞቹ እንዳያሾፉበት ግን ትልልቆቹ ይጠብቁለት።

8. መምህሩ ማድረግ የሚችለው

በአማራ ክልል በግጭቱ ምክንያት በሚሊዮን የሚቆጠሩ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። ትምህርት ቤት ለተጎዳ ልጅ ፊደል ብቻ አይደለም፤ ሰዓት፣ ጓደኛና የሚያየው ትልቅ ሰው ያለበት ቦታ ነው። ክፍት በሆነበት ሁሉ ይላኩት፤ ዕድሜው ከክፍሉ ቢያልፍም።

መምህሩ ልጁን በሩን ሊያይ በሚችልበት ቦታ ያስቀምጠው። ደወል ሊመታ ሲል “አሁን ደወል ይመታል” ይበል። አርጩሜና ጩኸት ይቅር። ልጁ በሐሳብ ጭልጥ ሲል በስሙ ቀስ ብሎ ይጥራው፤ በክፍል ፊት ያየውን እንዲናገር ወይም እንዲጽፍ አያስገድደው። ሥዕልና መዝሙር ቦታ ይሰጣቸው። የቤት ሥራው ይጠር። አንድ ልጅ ሦስት ቀን ከቀረ ቤቱ የሚሄድ ሰው ይመደብ፤ በተለይ ለሴቶቹ። ትምህርት ቤት ሲዘጋና ቤተሰብ ሲደኸይ “ቢያንስ ትዳር ይዛ ትደር” የሚለው ሐሳብ ይመጣል። በክልሉ የቤተሰብ ሕግ የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው፤ ለደነገጠች ልጅ ደግሞ ያለዕድሜ ጋብቻ ሁለተኛ ጉዳት ነው።

ትምህርት ቤቱ ዝግ ከሆነ በሰፈሩ አራትና አምስት ልጆች ሰብስቦ በቀን ሁለት ሰዓት የሚያስነብብ አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ብዙ ይሠራል፤ የሚያስተምረውም ልጅ ራሱ ይጠቀማል።

9. ጾታዊ ጥቃት ከደረሰ ሰዓቱ ወሳኝ ነው

አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ላወጣው ዘገባ በነፋስ መውጫ በትግራይ ተዋጊዎች የተደፈሩ 16 ሴቶችን አነጋግሮ ነበር። አንዳንዶቹ ጥቃቱ የደረሰባቸው ልጆቻቸው ባሉበት ነው። የከተማዋ ሆስፒታልና ጤና ጣቢያም በመዘረፋቸው በጊዜው ሕክምና ማግኘት ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህም ቢሆን ጥቃት ከታጣቂ ብቻ አይመጣም፤ ከጎረቤትና ከዘመድም ይመጣል።

ልጅ ጥቃት እንደደረሰባት ወይም እንደደረሰበት ካወቁ፦

• ያመኑት። “ጥፋቱ ያንቺ አይደለም” የሚለው ቃል መጀመሪያ ይምጣ።
• ልጅቷን ወይም ልጁን ሳያጥቡ፣ ልብስም ሳይታጠብ፣ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም ያድርሱ። ኤችአይቪን የሚከላከለው መድኃኒት የሚሠራው በዚህ ጊዜ ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ለ28 ቀን ይወሰዳል። እርግዝናን የሚከላከለው እስከ አምስት ቀን ይሰጣል፤ በቶሎ ሲወሰድ ግን ይበልጥ ይሠራል። ጊዜው ቢያልፍም ይሂዱ፤ የሚታከም ነገር አለ።
• ታሪኩን የሚሰማው ሰው ቁጥር ይነስ። ለእያንዳንዱ ሰው እንደ አዲስ አያስተርኩ።
• በሽምግልና በካሳ አይዝጉት፤ ለጥቃት አድራሹ በጋብቻ መስጠት ደግሞ ልጅቱን ለዕድሜ ልክ አሳልፎ መስጠት ነው። በልጅ ላይ የሚፈጸም ጾታዊ ጥቃት በ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ከባድ ወንጀል ነው።

እናቱ ስትደፈር ያየ ልጅም ተጎጂ ነው። እሱንም እንደሌላው ሁሉ በእነዚሁ ደረጃዎች ይደግፉት፤ ያየው ነገር የእናቱ ውርደት እንዳልሆነ ደጋግመው ይንገሩት።

10. ወደ ባለሙያ የሚወሰድበት ጊዜና መንገድ

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በግጭት አካባቢ ከሚኖሩ ሰዎች 22 በመቶው፣ ከአምስት አንዱ ያህል ማለት ነው፣ የአእምሮ ጤና ችግር ይገጥመዋል። ስለዚህ ከላይ ያለው ሁሉ ተደርጎም የማይሻለው ልጅ ይኖራል። ምልክቱ ከአንድ ወር በላይ ከቆየ ይውሰዱት። ራሱን ስለማጥፋት ከተናገረ ወይም ራሱን ከጎዳ፣ መብላት ካቆመ፣ ሌሎች የማያዩትን ካየ ወይም ከሰማ ወይም ራሱን ስቶ ከተንቀጠቀጠ ደግሞ ያን ዕለት ይሂዱ። ራሱን ሊጎዳ የሚችልን ልጅ ብቻውን አይተዉት፤ ጠመንጃ፣ ገመድና የአረም መድኃኒት ከቤት ያርቁ።

መንገዱ ከቀበሌው ጤና ኤክስቴንሽን ይጀምራል፤ ከዚያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ የደብረ ታቦር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል። ከዚያ ያለፈው ወደ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ወይም ባሕር ዳር ወዳሉት ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን፣ ሲብስም አዲስ አበባ ወደ አማኑኤል ይላካል። መንገድ በተዘጋበት ሰሞን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በስልክ ጤና ጣቢያ ያለውን ባለሙያ እንድታማክር ይጠይቁ።

ቤተሰቡ ልጁን ጠበል መውሰድ ከፈለገ ይውሰድ፤ ጸሎትና ጠበል ከሕክምናው ጋር አብረው ይሄዳሉ። መታሰር፣ መገረፍና ለብዙ ቀን መጾም ግን ለልጅ አይገባም። የተጀመረ መድኃኒትም “ጠበል ላይ ነው” ተብሎ አይቋረጥ። የንስሐ አባት ይህን ለቤተሰቡ ቢናገሩ ከሐኪሙ ይልቅ ይሰማሉ።

በሕክምናው ላይ የሚጠብቁት በዋናነት ንግግርና ልምምድ ይሁን እንጂ ክኒን አይሁን። ለእንዲህ ያለ ጉዳት በሚገባ የተፈተነው የንግግር ሕክምና ብዙ ጊዜ ከ12 እስከ 16 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል፤ አሳዳጊውም አብሮ ይሳተፋል። ከመድኃኒት ቤት የእንቅልፍ ክኒን ገዝተው ለልጅ አይስጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ከድንጋጤ በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር ለልጆች እንዲህ ያሉ መድኃኒቶች እንዳይሰጡ ይመክራል።

ባለሙያው ዘንድ ሲሄዱ አንድ ደብተር ይያዙ። በየሳምንቱ ስንት ሌሊት እንደቃዠ፣ ስንት ቀን ትምህርት ቤት እንደሄደ፣ ከልጆች ጋር ተጫውቶ እንደሆነ፣ ምን እንዳስደነገጠውና ምን እንዳረጋጋው ይጻፉበት። ማንበብና መጻፍ የማትችል እናት ለታላቅ ልጇ ወይም ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ብትነግር ይበቃል። ሐኪሙ ዘንድ የሚገኘው ጊዜ አጭር ስለሆነ ደብተሩ የልጁን የወራት ሁኔታ በጥቂት ደቂቃ ያሳያል። ልጁ ከተሻለው በኋላም ቢያንስ አንድ ዓመት መጻፍዎን ይቀጥሉ፤ ሙት ዓመቱ፣ በዓላቱና ተኩሱ የተሰማበት ወር ሲመጡ ምልክቱ ለጥቂት ቀናት ሊመለስ ስለሚችል፣ እነዚያን ቀናት አስቀድመው ምልክት ያድርጉባቸውና መምህሩም ጎረቤቱም እንዲያውቁት ያድርጉ።